ልጄ ደህና ነኝ ያለችኝ ለእኔ ብላ ነበር

ይሄን ነገር ልጻፍ አልጻፍ እያልኩ ብዙ ወር ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። ዛሬ የተነሳሁት አንዲት እናት ሰሞኑን መልእክት ስለላከችልኝ ነው። ልጇ ከኔ ልጅ ጋር አንድ አይነት በሽታ አለበት፣ አንድ ክሊኒክ "ኢሚዩን ሲስተሙን ሪሴት እናደርግለታለን"፣ ማለትም የሰውነቱን መከላከያ እንደ አዲስ እናስጀምርለታለን ብሏቸው ቅድሚያ ክፍያ ሊከፍሉ ሁለት ሳምንት ቀርቷቸዋል፣ እና "አንቺ ብትሆኚ ምን ታደርጊያለሽ?" አለችኝ። በሁለት መስመር ልመልስላት ብሞክር አልሆነልኝም፣ ምክንያቱም እኔም እዛው በር ላይ ቆሜ አውቃለሁ።

ልጄ አሁን ዘጠኝ አመቷ ነው። በአምስት አመቷ ነው የጀመራት፣ መጀመሪያ አንድ ጉልበቷ አበጠ፣ ወድቃ ይሆናል ብለን አለፍነው፣ ከዛ ቁርጭምጭሚቷ፣ ከዛ የእጇ ጣቶች። ስሙ ጁቨናይል ኢዲዮፓቲክ አርትራይተስ ይባላል፣ 16 አመት ሳይሞላ የሚጀምር፣ ቢያንስ 6 ሳምንት የቆየ፣ መነሻው ያልታወቀ የመገጣጠሚያ ብግነት፣ ማበጥና መቆጣት ማለት ነው። "እንዴ ልጅም ሪህ ይይዘዋል?" ብሎ ያልጠየቀኝ ሰው የለም። አዎ ይይዘዋል። የሰውነቷ መከላከያ የራሷን መገጣጠሚያ ጠላት አድርጎ ነው የሚያጠቃው።

በሽታውን ለማያውቅ ሰው ሁሌ የምነግረው ስለ ጠዋት ነው። ጠዋት ሰውነቷ ድርቅ ይላል። ጥርሷን ስትቦርሽ ብሩሹን በሁለት እጇ ጨብጣ ጭንቅላቷን ነው የምታወዛውዘው፣ አንጓዋ ስለማይታዘዝላት። ደረጃ ቁጭ ብላ እየተንሸራተተች ነው የምትወርደው። ከሰአት በኋላ ደግሞ ስትሮጥ ታዩዋታላችሁ፣ አስተማሪዋም "ደህና ናት እኮ" ይሉኛል፣ እኔ ራሴ አንዳንዴ ጠዋት ያየሁትን እጠራጠራለሁ። ይሄ መሄድ መምጣቱ ነው ሰው የሚጨርሰው። ሶስት ወር ጸጥ ይላል፣ ተገላገልን ስትሉ አንድ ሌሊት ተመልሶ ይመጣል።

መድሃኒቷ ሜቶትሬክሴት ነበር፣ በሳምንት አንድ ቀን በመርፌ። ፈሳሹ ቢጫ ነው። ከአንድ አመት በኋላ ቀኑ ሲደርስ ገና ሳትወጋ መርፌውን ስታይ ማስመለስ ጀመረች፣ አንድ ቀን ቢጫ ሹራብ ለብሼ ክፍሏ ስገባ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ ሹራቡን ሁለተኛ አልለበስኩትም። ይሄን የምነግራችሁ ወላጅ ለምን ሌላ ነገር መፈለግ እንደሚጀምር እንዲገባችሁ ነው። ሰዎች "እንዴት የተማረ ሰው እንደዚህ አይነት ነገር ያምናል" ይላሉ። ነገሩ የእውቀት አይደለም። በየሳምንቱ በገዛ እጅህ ልጅህን የሚያስመልሳት ነገር እየወጋህ፣ ሌላ ሰው መጥቶ "ይሄ ሳያስፈልግ ይድናል" ሲልህ ጆሮህን መድፈን ነው እንጂ የሚከብደው ማመኑ አይከብድም።

እና እኛም ሞከርን። ከክሊኒኩ በፊት ማለቴ ነው። በዘመድ በኩል የመጣ "ኢሚዩን ሲስተምን ባላንስ ያደርጋል" የተባለ ካፕሱል ነበር፣ ሁለት ወር ሰጠናት። ለዶክተሯ አልነገርንም። ከሁሉ በላይ የምጸጸትበት ደግሞ ካፕሱሉን ስንጀምር የሜቶትሬክሴቱን ሳምንት እየዘለልን መሆኑ ነው፣ መጀመሪያ አንዴ፣ ከዛ በወር ሁለቴ፣ በኋላ በቃ ተውነው። "ሰውነቷ ይረፍ" ነበር የምንለው።

ደብተር ገዝቼ በየቀኑ እመዘግብ ነበር። ጠዋት ሰውነቷ እስኪፍታታ ስንት ደቂቃ ፈጀ፣ ህመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነው። የመጀመሪያው ሳምንት 7፣ 6፣ 7 ይላል። ሶስተኛው ሳምንት ላይ 4። ስምንተኛው ሳምንት ላይ 2። ያንን ገጽ ፎቶ አንስቼ ለዘመድ ሁሉ ላክሁ፣ እያለቀስኩ ነው የላክሁት። አባቷ ደብተሩን ይዞ ቁጭ ብሎ ደጋግሞ ሲያነበው አስታውሳለሁ።

የቀጠሮ ቀን ደረሰ። ዶክተሯ የቀኝ እጇን አንጓ ይዘው ቀስ ብለው ወደ ኋላ ሲያጥፉት ልጄ ምንም ድምጽ አላወጣችም፣ ግን እንባዋ ዝም ብሎ ወረደ። "ስንት ነው የሚያምሽ?" አሏት። መጀመሪያ እኔን አየችኝ። እሳቸው ያንን እይታ አዩት። "እናቷ ትንሽ ውጪ ይጠብቁን" አሉኝ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ስገባ ወረቀቱ ላይ የተጻፈው 7 ነበር። በዛው ቀን የዓይን ምርመራም ነበራት፣ የዓይን ሐኪሙ በማሽኑ ውስጡን ሲያዩት ሁለቱም ዓይኗ ውስጥ ብግነት ጀምሯል። ዩቪያይትስ ይባላል፣ በዚህ በሽታ ያሉ ልጆች ላይ ዓይን ሳይቀላ ሳያም ድምጹን አጥፍቶ ነው የሚመጣው፣ ለዛ ነው ደህና ናቸው እየተባለም በየጥቂት ወሩ የሚታዩት። ጠብታው ሰርቶላት ዓይኗ ተርፏል፣ ተመስገን። ሌላ ሶስት ወር ብንቆይ ምን እንደሚሆን ግን ሐኪሙ ነግረውኛል፣ እሱን እዚህ ልጽፈው አልችልም።

ማታ አልጋዋ ላይ ሆና ጠየቅኳት። "የኔ እናት፣ ለምንድነው ለኔ 2 ያልሽኝ?"

"2 ስልሽ ትስቂያለሽ" አለችኝ። "7 ስልሽ ማታ ከአባዬ ጋር ትጣላላችሁ።"

ለካ ልጅቷ እኛን ስታስታምም ነው ሁለት ወር የከረመችው።

ከዛ በኋላ ነው ነገሩን ቁጭ ብዬ ማንበብ የጀመርኩት። ሐኪም አይደለሁም፣ ያነበብኩትን ለዶክተሯ እየወሰድኩ ነው የተረዳሁት፣ እሳቸውም አንድ ቀን ሳይሰለቹ አስረድተውኛል። ከሁሉ በፊት ያስደነገጠኝ ስለ ሜቶትሬክሴት ራሱ የታተመው የ1992ቱ ጥናት ነው (እዚህ የምጠቅሳቸው አመቶች ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። 127 ልጆች ለ6 ወር በሶስት ተከፈሉ፣ አንዱ ቡድን ዝቅ ያለ ዶዝ፣ አንዱ ከፍ ያለ ዶዝ፣ አንዱ ደግሞ ምንም መድሃኒት የሌለበት ክኒን፣ ፕላሴቦ የሚሉት። ከፍ ያለውን ዶዝ ከወሰዱት 63 በመቶ ተሻላቸው። ዝቅ ያለውን ከወሰዱት 32 በመቶ። ባዶውን ክኒን ከዋጡት ደግሞ 36 በመቶ።

36! ባዶ ክኒን ነው እኮ። እነዚህ ልጆች ውሸታም አይደሉም፣ ወላጆቻቸውም አይደሉም። አንደኛ በሽታው በራሱ ጊዜ ይወጣል ይወርዳል። ሁለተኛ ደግሞ ሰው አዲስ ነገር ፍለጋ የሚሮጠው ልጁ በጣም በባሰባት ሳምንት ነው፣ በደህናዋ ሳምንት ማን ይሮጣል፣ ስለዚ ከዛ ወር በኋላ ምንም ባታደርግ እንኳን ትንሽ መሻሻሏ አይቀርም፣ ምስጋናውን ግን ያን ሰሞን የገዛኸው ነገር ይወስደዋል። ሶስተኛውን ደግሞ የኔው ልጅ አስተምራኛለች፣ የእናቷን ፊት እያየች ቁጥር የምትመርጥ ልጅ አለች። አሁን አንድ ሰው "የኔ ልጅ በዚህ ነገር ዳነ" ሲለኝ አልጣላውም፣ ደስ ይለኛል፣ ግን በልቤ ያቺን 36 አስታውሳለሁ።

ሜቶትሬክሴቱን መለስንላት። ከስድስት ወር በኋላ ግን ትልቁ ፍሌር፣ የበሽታው መነሳት፣ መጣ፣ ሁለቱም አንጓዎቿ አበጡ፣ እርሳስ መያዝ አቃታት፣ ትምህርት ቀረች። እዛ ላይ ነው የክሊኒኩ ቪዲዮ የተላከልን። ወንድ ልጅ በዊልቸር ገብቶ በእግሩ ይወጣል፣ እናቱ ታለቅሳለች። ስቴም ሴል (ሌላ አይነት ሴል መሆን የሚችል መነሻ ሴል) በደም ስር፣ ከሱ ጋር ኢሚዩኖግሎቡሊን (ከሰው ደም የሚወጣ የመከላከያ ፕሮቲን)፣ በድምሩ አንድ ሳምንት። "ሪሴት" ነው የሚሉት። ደወልን። ያነጋገረችን ሴትዮ አርባ ደቂቃ ሙሉ አዳመጠችን፣ ስለ ቢጫው መርፌ ስነግራት "ውይ የኔ እህት" አለችኝ፣ ስለ ልጅቷ ስም፣ ስለምትወደው ነገር ጠየቀችኝ። ከዛ በፊት ማንም አርባ ደቂቃ ሰጥቶን አያውቅም፣ የሐኪም ቤት ቀጠሮ አስር ደቂቃ ነው። ይሄን እንደ ቀላል አትዩት። ብዙ ወላጅ መጀመሪያ የሚገዛው ህክምናውን ሳይሆን ያንን አርባ ደቂቃ ነው፣ ሐኪሞችም ይሄን ቢያውቁት ደስ ይለኝ ነበር።

አባቷ "ምን እናጣለን?" አለ። ገንዘቡ የቤታችን ተቀማጭ በሙሉ ነበር፣ እሱን ተዉት፣ እሱ ማለቱ "ከዚህ የባሰ ምን ይመጣል" ነው። ከካፕሱሉ በኋላ ግን እኔ ያቺ ጥያቄ መልስ እንዳላት አውቅ ነበር። ዓይኗን ልናጣ ነበር እኮ። ያልተረጋገጠ ነገር ብቻውን አይመጣም፣ የተረጋገጠውን ገፍቶ ነው ቦታ የሚይዘው። ሶስት ቀን አልተነጋገርንም። በአራተኛው ቀን እሱ ራሱ "በቃ ጥያቄ እንጻፍላቸው፣ ከመለሱ እንሄዳለን" አለኝ። ጥሩ ሐሳብ ነበር።

ከመጻፋችን በፊት "ሪሴት" የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ፈለግኩ። እውነተኛ ታሪክ አለው። በከባዱ አይነት በሽታ ሌላ ሁሉ እምቢ ላላቸው ልጆች ሐኪሞች የልጁን የራሱን የደም ስቴም ሴል አውጥተው አስቀምጠው፣ የመከላከያ ስርአቱን በኃይለኛ ኬሞቴራፒ ደምስሰው፣ ከዛ ሴሎቹን ይመልሱለታል። በ2004 የታተመ ሪፖርት 34 ልጆችን ይዟል። 18ቱ ያለምንም መድሃኒት ከህመሙ ነጻ ሆነው ቆይተዋል፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። 3ቱ በህክምናው ምክንያት ሞተዋል፣ 2ቱ ደግሞ በበሽታው። ሐኪሞቹ ሁለቱንም ቁጥር እዛው አንድ ወረቀት ላይ ጽፈውታል። ክሊኒኩ የሚሰጠው ግን ይሄ አይደለም፣ ኬሞ የለም፣ ሌላ አይነት ሴል ነው፣ በግሉኮስ መልክ ተንጠልጥሎ የሚወርድ። ቃሉን ከዛኛው ወስደው ሞቱን ትተውታል፣ ማዳኑንም ማሳየት አልቻሉም።

ኢሚዩኖግሎቡሊኑ ደግሞ "የተፈቀደ መድሃኒት ነው" ይላሉ። እውነት ነው። ከሺዎች ደም ለጋሾች ፕላዝማ፣ ከደማቸው ፈሳሹ ክፍል፣ የሚሰራ ነገር ነው፣ ካዋሳኪ የሚባል በሽታ ያለባቸውን ልጆች ልብ አድኗል፣ በ1986 የታተመው ጥናት ላይ ከሰባት ሳምንት በኋላ የልብ ደም ስር ጉዳት የታየባቸው ልጆች ከ18 በመቶ ወደ 4 በመቶ ወርደዋል። ግን የተፈቀደው ለነዛ በሽታዎች ነው። አንድ ቁልፍ የጎረቤትን በር ከፈተ ማለት የኔንም ይከፍታል ማለት አይደለም። ደግሞ ዝም ብሎ ውሃ አይደለም፣ ከባድ ራስ ምታት ያመጣል፣ የደም መርጋት ማስጠንቀቂያ አለበት፣ ከወሰደች በኋላም የኩፍኝ ክትባት እንደ ዶዙ መጠን ከ8 እስከ 11 ወር መዘግየት አለበት። ይሄን የክሊኒኩ ወረቀት ላይ አላገኘሁትም።

"ተፈጥሯዊ ነው፣ የራሷን ኢሚዩኒቲ ነው የምናግዘው" የሚለው ነገርም አለ። ኢሚዩን ሲስተም ሲነካ ምን ሊሆን እንደሚችል ዶክተሯ አንድ ታሪክ ነገሩኝ። በ2006 ለንደን ላይ ቲጂኤን 1412 የሚባል መድሃኒት መጀመሪያ በሰው ላይ ሲሞከር ስድስት ጤነኛ ወንዶች ተወጉ፣ የታሰበው መከላከያውን እንዲያረጋጋ ነበር፣ በሰአታት ውስጥ ስድስቱም መላ ሰውነታቸው በብግነት ተጠቅቶ ጽኑ ህሙማን ክፍል ገቡ። ሁሉም በህይወት ተርፈዋል። እሱ ያውም በእንስሳ ተሞክሮ፣ ሐኪም አልጋው ጋ ቆሞ ነው።

ጥያቄዎቻችንን ጻፍን። እስካሁን የኛን በሽታ ያለባቸው ስንት ልጆች አክማችኋል? ስንቶቹን ከአንድ አመት በኋላ አይታችኋል? ማን ነው የመዘናቸው፣ ወላጅ ወይስ ህክምናውን ማን እንደወሰደ የማያውቅ ሐኪም? ህክምናው ያልሰራለት ልጅ አለ? የጎዳው አለ? የራሷ ዶክተር ደውለው ቢያነጋግሯችሁ ፈቃደኛ ናችሁ? ሌላ መድሃኒቷን እንድታቆም ትጠይቃላችሁ?

መልሱ በሁለት ቀን መጣ፣ ደግ ደብዳቤ ነው፣ አሁንም አለኝ። ቁጥር የለውም። "ክሊኒካል ትራያል (በሰው ላይ የሚደረግ የህክምና ሙከራ) ሆኖ ተመዝግቧል" የሚል አለበት፣ ሊንኩም ነበር፣ ከፈትኩት፣ ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ በሚባለው የአሜሪካ መንግስት የሙከራዎች መዝገብ ላይ በእርግጥ አለ። ግን እዛ መመዝገብ ማለት ማንም መርምሮ አጽድቆታል ማለት እንዳልሆነ እዛው ድረ ገጹ ላይ ተጽፏል፣ ማወዳደሪያ ቡድን የለውም፣ ተሳታፊው ደግሞ ራሱ ከፋይ ነው። ያልሰራለት ልጅ አለ ወይ ላልነው "እስካሁን ሁሉም ቤተሰቦች ደስተኛ ናቸው" የሚል ነው የተመለሰልን።

እዛች ዓረፍተ ነገር ላይ አባቷ ስልኩን አስቀመጠ። "እኛም እኮ ደስተኛ ነበርን" አለ። ደብተሩን ማለቱ ነበር።

አዲስ ነገር ሁሉ ማታለያ ነው እያልኩ አይደለም፣ እንደዛ የሚል ሰው ካለ አልስማማም። አሁን ልጄ የምትወስደው ኢታነርሴፕት የሚባል መድሃኒት ራሱ በኔ ወጣትነት ለልጆች ያልተረጋገጠ ነገር ነበር፣ ለነዚህ ልጆች አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ1999 ነው። እንዴት እንደሞከሩት ሳነብ ግን ልቤ ተነካ፣ የኛን የወላጆችን ጭንቀት ያሰበበት ሰው ያለ ነው የሚመስለው። ሜቶትሬክሴት ያልበቃቸው 69 ልጆች ነበሩ፣ መጀመሪያ ሁሉም ሶስት ወር እውነተኛውን መድሃኒት አገኙ፣ ማንም ባዶ እጁን አልጀመረም። 51ዱ ተሻላቸው። ከዛ እነዚህን 51 ልጆች ለሁለት ከፍለው ለግማሾቹ መድሃኒቱን ቀጠሉ፣ ለግማሾቹ ደግሞ ማንም ሳያውቅ በባዶ መርፌ ተኩ። ባዶውን ካገኙት 81 በመቶ ህመሙ ተነሳባቸው፣ እውነተኛውን ከቀጠሉት 28 በመቶ። የባሰበት ልጅ ወዲያው ወደ መድሃኒቱ ይመለሳል። ልዩነቱ ይሄ ነው ለኔ፣ እነዚህ ሰዎች መድሃኒታቸው እንዲወድቅ እድል ሰጥተውታል፣ ያልሰራላቸው 18 ልጆችም ወረቀቱ ላይ አሉ። እኛም ብንሆን እነዛ 18ቱ ውስጥ ልንሆን እንደምንችል አውቀን ነው የጀመርነው።

ዶክተሯ ጋ ሄጄ ስለ ክሊኒኩም ስለ ካፕሱሉም ሁሉንም ተናገርኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። "ቀደም ብለሽ ብትነግሪኝ ኖሮ የዓይን ምርመራውን አስቀድመው ነበር" ነው ያሉኝ፣ ሌላ ምንም። ከዛ ኢታነርሴፕቱን ጻፉላት።

ለዛች እናት ምን እንዳልኳት ልንገራችሁ። አትሂጂ አላልኳትም፣ ልጁ የሷ ነው፣ ሌሊቱንም የምታድረው እሷ ናት። ጥያቄዎቻችንን ላክሁላት። መድሃኒቱን በምንም ምክንያት ለሐኪሙ ሳትነግር እንዳታቋርጥ ለመንኳት። ደግሞ እሷና ባለቤቷ ገና ሳይከፍሉ "በዚህ ቀን፣ በዚህ መለኪያ ካልተሻለው እናቆማለን" ብለው በወረቀት ጽፈው እንዲያስቀምጡ፣ መለኪያውን የሚለካው ደግሞ ከነሱ ውጪ የሆነ ሰው እንዲሆን ነገርኳት፣ ምክንያቱም ገንዘብ ከተከፈለ በኋላ ተስፋ ዓይን ይጋርዳል፣ እኔ 7ን 2 ብዬ ጽፌያለሁ። ልጁንም ለብቻው ሌላ ሰው ይጠይቀው አልኳት፣ እሷ በሌለችበት። አስራ አንድ አመቱ ነው፣ ምን እንደሚፈልግ እስካሁን ማንም አልጠየቀውም። "እጠይቀዋለሁ" አለችኝ፣ ከዛ በኋላ ገና አልጻፈችልኝም።

የኛው ቤት አሁን ስምንተኛ ወሩ ነው። ሙሉ በሙሉ አልዳነችም፣ የቀኝ አንጓዋ አሁንም እስከ መጨረሻው አይታጠፍም፣ ዓይኗ በየሶስት ወሩ ይታያል። ደብተሩን ከእጄ አውጥተነዋል። ማታ ማታ ራሷ ጽፋ ገጹን አጥፋ መሳቢያዋ ውስጥ ትከተዋለች፣ የምታሳየው ለዶክተሯ ብቻ ነው፣ እኔም አባቷም አንጠይቅም። ከባድ ነው አለመጠየቅ። ባለፈው ሳምንት ጠዋት በሩ ገርበብ ብሎ ነበርና ሳልፍ አየኋት፣ መስታወቱ ፊት ቆማ ጥርሷን ትቦርሻለች፣ ብሩሹ በአንድ እጇ ነው፣ ጭንቅላቷ ዝም ብሏል፣ እጇ ነው የሚንቀሳቀሰው። በመስታወቱ ውስጥ አይታኝ ነበር። ፊቴን እንዳታነበው ቶሎ ዞር ብዬ የታጠበ ልብስ ማጣጠፍ ጀመርኩ።